የአህያዋን ስም እኔ አላውቀውም

ይድረስ ለእትዬ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። የ4 ዓመት ወንድና የ2 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ባለቤቴ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው፤ እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ልጆቹ ጤነኞች ናቸው፣ ባሌም ጥሩ ሰው ነው። ታዲያ ምን ሆንሽ ይሉኝ ይሆናል።

በቀደም እናቴ ከቢቸና መጥታ አንድ ሳምንት እኛ ዘንድ ሰነበተች። ትልቁን ልጅ ጠዋት ጠዋት ኬጂ የማደርሰው እኔ ነኝ፤ ያን ሳምንት ግን «እኔ እያለሁ ምን አደከመሽ» ብላ እሷ ወሰደችው። እኔ በአሥር ደቂቃ የምጨርሰው መንገድ እሷን ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጅባታል። ያረፍድብኛል ብዬ ተናድጄ ነበር። ሐሙስ ማታ እራት ላይ «የዛሬዋስ አህያ እንዴት ናት?» ብላ ጠየቀችው። እሱም ጉንጩ በእንጀራ እንደ ተነፋ «ዛሬ አልመጣችም፤ አሟታል መሰለኝ» አላት። ለካ በዚያ መንገድ በየጠዋቱ እንጨት ተጭና የምታልፍ አህያ አለች። ልጄ ስም አውጥቶላታል። ስሟን ለአያቱ በጆሮዋ ሹክ ብሏታል፣ «ለማንም እንዳትነግሪ» ብሎ። እናቴን ስሟ ማን ነው ብላት «አደራ ተብያለሁ» ብላ ሳቀች።

እኔ ከመስከረም ጀምሮ በዚያው መንገድ እየጎተትኩት ተመላልሻለሁ። አህያ መኖሯን እንኳ አላየሁም። እናቴ ከሄደች በኋላ ማታ ብቻዬን ማድቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ውሎዬ እንዲህ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ልጆቹን እቀሰቅሳለሁ። ትልቁ አልነሳም ይላል፣ ጫማ አላደርግም ይላል፣ ያለቅሳል። ትንሿን ለጎረቤት ሰጥቼ እሱን አድርሼ ቢሮ እገባለሁ። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ቤት እደርሳለሁ። ከዚያ ወጥ ነው፣ ዕቃ ነው፣ መብራት የጠፋባቸው ቀናት ካሉ ደግሞ በመጣበት ሰዓት ምጣድ ላይ መቆም ነው። ልጆቹ እንዳያስቸግሩኝ ስልኬን እሰጣቸዋለሁ። ሲተኙ 3 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ከአፌ የሚወጣው «ቶሎ በል፣ ቶሎ በይ» ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከነሐሴ 2015 በኋላ ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ባለቤቴ ማታ ማታ ተረት ይነግረን ነበር። ትንሿ ገና አራስ ነበረች፣ ትልቁም ብዙ አይገባውም፤ ግን በአባቱ ጭን ላይ ሆኖ ይሰማ ነበር። ኔትወርኩ ሲመለስ ተረቱ ቀረ። ማን እንዳስቀረው አላውቅም፤ ማንም አልከለከለውም።

ሥራዬን ልልቀቅ እንዴ? ወይስ ሁሉም እናት እንዲህ ናት?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከደብረ ማርቆስ

*

እህቴ፣

ሥራሽን አትልቀቂ። ይህን ቀድሜ የምነግርሽ በዚህ ጭንቀት ውስጥ እንዳትወስኚ ነው። የአንድ መምህር ደሞዝ ለአራት ሰው ሲሆን የቤቱ ጭንቀት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ የተጨነቀች እናት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቤት ብትውልም አህያዋን አታያትም።

እናትሽንም ከራስሽ ጋር አታወዳድሪ። አንቺ የ4 ዓመት ልጅ ሳለሽ እሷ በጠዋት ቆማ አህያ ስትቆጥር ነበር? ቢቸና የጤፍ አገር ነው። የጤፍ አረም ጎንበስ ብለው በእጅ የሚነቅሉት፣ ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። እኔም ዳንግላ አካባቢ ገጠር ነው ያደግሁት፤ የእናቴን ፊት ከማስታውሰው ይልቅ ጀርባዋን አስታውሳለሁ። ወንድሞቼ ጥርሳቸውን ሳይነቅሉ ጥጃ ጠባቂ ሆነዋል። የድሮ ልጅነት ለምለም ነበር የሚሉኝን ሰዎች አላምናቸውም። እናትሽ ዛሬ ዝግ ያለችው የሚጠብቃት ሰው ስለሌለ ነው። አያት መሆን የሚሰጠው ነገር ይህ ነው፤ አንቺ ገና አልደረሰሽም።

ግን ከእናቴ ዘንድ አንድ የማልረሳው ነገር አለ። ምስር ስትለቅም ሰፌዱን መሬት ላይ ታስቀምጠውና እኛ ዙሪያውን እንቀመጣለን። እንድንጫወት ብላ አልነበረም፤ ጠጠሩን ቶሎ እንድንለቅምላት ነበር። እሷ ስለ ጎረቤት ታወራለች፣ እኛ እንጠይቃለን፣ አንዱ ጠጠር ብሎ ምስር ይጥላል፣ ይቆጣዋል ሌላው። ጊዜ ሰጥታን አታውቅም። ሥራው ውስጥ ግን ቦታ ሰጥታናለች። ያንቺ ልጆች ያጡት ይህን ይመስለኛል። ሒሳብ ክፍል ይዘሻቸው አትሄጂም፣ ማታ ደግሞ ሥራው እንዲፈጥንልሽ ከማድቤት ታስወጫቸዋለሽ። ስልኩ የገባው በተዘጋው በር ነው።

አሁን ወደ ጠዋቱ ልምጣ፤ ከደብዳቤሽ ሁሉ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ልጆቹ 3 ሰዓት ተኩል ተኝተው 12 ሰዓት ከተነሡ ሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች በ2011 ዓ.ም ባወጣው መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ የ1 እና የ2 ዓመት ልጅ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት ይገባዋል ይላል፤ የቀኑም እንቅልፍ ይቆጠራል። ትንሿ ጎረቤት ዘንድ ቀን ትተኛ ይሆናል። ትልቁ ግን ኬጂ ውስጥ ካልተኛ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ይጎድለዋል፣ በየቀኑ። ጫማ አላደርግም የሚለው ልጅ እልኸኛ ሆኖ አይደለም፤ እንቅልፉን አልጠገበም። አንቺም «ቶሎ በል» የምትይው ያልነቃ ልጅ ስለምትጎትቺ ነው። ጠዋትሽን የምታስተካክዪው ማታ ነው ማለት ነው።

2 ሰዓት ላይ ይተኙ። እንዴት ትይኛለሽ፣ ገና 11 ሰዓት ተኩል ገብቼ? ከእራቱ ቀንሺ። ልጅ በየማታው ትኩስ ወጥ አይፈልግም። የተቀቀለ ድንች በትንሽ ጨውና ቅቤ፣ በጾም ከሆነ በዘይት፣ 1 ሰዓት ላይ ቢበሉ ጠግበው ያድራሉ። የጎጃም ልጅ በድንች ነው ያደገው፤ ማንም አያፍርብሽም። ወጡን ለናንተ ከተኙ በኋላ ሥሪው፣ ወይ የትናንቱን አሙቂ። እንጀራውም መብራት በመጣበት ሌሊት ይጋገራል እንጂ እነሱን አያስመሽ። ምጣድ አጠገብ ደግሞ ጨርሶ እንዳይደርሱ፤ በተለይ የ2 ዓመቷ። እሳቱ ያለበትን ሥራ ለብቻሽ ያዢና እሳት የሌለበትን ስጫቸው። ምስር ይልቀሙ፣ ነጭ ሽንኩርት ይላጡ። ሥራው በእጥፍ ይረዝምብሻል፣ ግማሹም መሬት ይወድቃል። ይውደቅ።

ስልኩን በተመለከተ ያው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥርም እንደሚሻል ይመክራል፤ ልጅ ቁጭ በሚልበት ጊዜ ደግሞ ከአሳዳጊው ጋር ማንበብንና ተረት መስማትን ያበረታታል። ይህ ባልሽን ይመለከታል። ኢንተርኔት የተቋረጠበትን ጊዜ ማናችንም አንመኘውም፤ ስንቱ ዘመዱ ይኑር ይሙት ሳያውቅ ከርሟል። ግን ባልሽ ተረት እንደሚችል ያን ጊዜ አይተሻል። ልጆቹን የማስተኛቱ ሥራ የእሱ ይሁን። «እርዳኝ» ብለሽ አትጠይቂው፣ እርዳታ ከሆነ ሥራው ያንቺው ነው ማለት ነው። «ተረቱ ለምን ቀረ?» ብለሽ ጠይቂው። እሱም እንዳንቺው ማን እንዳስቀረው አያውቅ ይሆናል። የሁላችሁም ስልክ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ሌላ ክፍል ይዋል፣ ያንቺም ጭምር።

እሑድ ቡና ታፈያለሽ ብዬ አምናለሁ። ከአቦል እስከ በረካ ያለውን ጊዜ ማንም አይነካብሽም፤ አገሩ ሁሉ ያከበረልሽ ሰዓት ነው። ቆሎውን ትልቁ ልጅ ለሰው ያዙር። እንቆቅልሽም ጀምሪለት። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ያድራል፣ ደከመኝ አይልም» በይው፤ ወንዝ እስኪል ጠብቂ። ካቃተው «አገር ስጠኝ» በይው። ጎጃምን የሰጠሽ እንደሆነ ብዙ ነገር ሰጥቶሻል። በሁለተኛው ሳምንት እሱ ይጠይቅሻል፣ ምንም ትርጉም የሌለው እንቆቅልሽ ፈጥሮ። አላወቅሁም በይና አገር ስጪው።

ከሁሉም አስቀድሞ ግን ጠዋት ከቤት ሃያ ደቂቃ ቀድማችሁ ውጡ። በጊዜ ከተኛ ያስነሣሻል እንጂ አትቀሰቅሺውም። የያዝሽውን እጅ ልቀቂውና ከኋላው ሂጂ። ሲቆም ቁሚ። መንገዱ ደህና በሆነ ቀን እናትሽም እንደገና ትምጣ፤ ሦስታችሁ ሂዱ።

የአህያዋን ስም ግን ከእናትሽ እንዳታወጣጪ፣ እሱንም እንዳትጠይቂው። ስታልፍ ካየሻት «ዛሬ መጣች» ብቻ በይ፣ ሌላ ምንም አትጨምሪ። የነገረሽ ዕለት ጻፊልኝ። ስሟን ግን ለእኔም አትንገሪኝ።