እርሳሱ ትንሽ ይቆይ

ዘንድሮ ሐረር ውስጥ ኬጂ ማስተማር ለጀመራችሁ ልጆቼ፦

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ካሉ ሕፃናት ጋር ነው። አንድ አደራ አለኝ። ትምህርት በተከፈተ ማግስት እርሳስ ለማስያዝ አትቸኩሉ።

እኔ ቸኩያለሁ። በጀመርኩበት ዓመት የአንድ ልጅ እጅ ይዤ "ሀ"ን ደጋግሜ አስጻፍኩት። ወላጅ ደብተር ገልጦ ባዶ ገጽ እንዳያይ ፈርቼ ነበር። ልጁ አላለቀሰም። ዝም ብሎ ጣቶቹን በሌላው እጁ አሸት አሸት አደረጋቸው። እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ልጁ ሰነፍ አልነበረም። ጣቱ ገና አልጠናም ነበር።

ጣት በምን ይጠናል? እኔ መልሱን ያገኘሁት ለውዝ ላይ ነው።

መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው። የእሸትና የአዝመራ ጊዜ ነው። ባቢሌ ቅርባችን ናት፤ አዲስ ለውዝ ከነቅርፊቱ ገበያ ላይ አይጠፋም። አንድ ኪሎ ግዙና ሰሌን ላይ አፍስሱት። ልጆቹ ዙሪያውን ይቀመጡ። ከመፈልፈላቸው በፊት "ውስጡ ስንት ፍሬ አለ?" በሏቸው። ይገምቱ፣ ይነቅንቁት፣ ጆሯቸው ላይ ያድርጉት። ከዚያ ይፈልፍሉ። ባለ አንዱ እዚህ፣ ባለ ሁለቱ እዚያ፣ ባለ ሦስቱ ወዲያ ይደርደር። ብዙ ጊዜ የባለ ሁለቱ ረድፍ ይረዝማል። "የኔ ይበልጣል!" ብለው ሲከራከሩ ዝም ብላችሁ ስሙ። መቁጠርም ማወዳደርም እዚያው ውስጥ አለ። ቅርፊቱን የሚሰብሩት ደግሞ በኋላ እርሳስ የሚይዙት እነዚያው ሦስት ጣቶች ናቸው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። ሙሉ ፍሬ እንዲበሉ አትፍቀዱ፤ ጉሮሮ ላይ ሊቀር ይችላል። ለውዝ የማይስማማው ልጅ ካለም ቀድማችሁ ወላጆችን ጠይቁ። ካለ ለውዙ ይቅር፣ ባቄላ በእሸቱ ይፈልፈል።

ማሽላም አትርሱ። ትሪ ላይ በትኑላቸውና ፊደሉን በጣታቸው ይጻፉበት። ቢሳሳቱ ትሪውን ነቅነቅ ማድረግ ነው፣ ላጲስ የለ፣ ቁጣ የለ። ውጭ ደግሞ ግማሾቹ ወፍ፣ ግማሾቹ ማሽላ ጠባቂ ሆነው ይሩጡ። አንዷ "ማሽላ" ስትል ሌላው በኦሮምኛ "ሚሺንጋ" ይላል። አታርሙት። የሁለቱንም ቃል ሁሉም ይበሉት። በሐረር ክፍል ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሐረሪና ሱማሌኛ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ልጆች ቋንቋ የሚዋዋሱት ሲጫወቱ ነው።

ከውጭ የመጣ ሥዕል ግድግዳ ላይ ለመስቀል አትጣደፉ። አንድ ጊዜ በፈረንጆች መፀው ቅጠሉ ቀይ የሆነ ዛፍ ሥዕል ሰቅዬ "ቲቸር፣ ዛፉ ታሟል?" ተብያለሁ። ጥያቄው ትክክል ነበር። ልጁ የሚያውቀው መፀው አደይ አበባና የማሽላ አገዳ ነው። ከሚያውቀው ጀምሩ። አምስት መቁጠር ሲያስቸግራቸው የጀጎል ግንብን አምስት ጥንታዊ በሮች በጣታቸው አስቆጥሬያቸዋለሁ፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ከዚያ በጭቃና በአገዳ ሠሯቸው። አንዷ ልጅ በጓደኛዋ በር በኩል ለማለፍ "አንኳኪ" ተባለች። እሷም አንኳኳች።

ወላጅ "ሲጫወቱ ነው እንዴ የሚውሉት?" ብሎ ይመጣል። አትከራከሩት። ገንዘቡን ከፍሎ፣ ሰግቶ ነው የመጣው። ሰሌኑ ላይ ከልጁ አጠገብ አስቀምጡትና አብሮ ይፈልፍል። ልጁ "አባዬ፣ ቆይ! መጀመሪያ ገምት" ሲለው ይስማ።

ካልተቆላው ለውዝ ጥቂት አስቀሩ። ታች በተበሳ ጣሳ አፈር ሞልታችሁ ዝሩት፣ ፀሐይ የሚያገኝበት መስኮት ላይ አድርጉት። ከአንድ ወር በላይ መታገስ ነው። ቢጫ አበባው ከረገፈ በኋላ እንደ ክር የቀጠነ ነገር ወደ ታች ወርዶ አፈር ውስጥ ይገባል፤ ለውዙ የሚያፈራው እዚያ ነው። እናንተ ቀድማችሁ አትንገሯቸው። ጠዋት ሲገቡ ራሳቸው ያዩታል።