ሚያታ ልትገዛ ከሆነ መጀመሪያ ከመቀመጫው ጀርባ ያለውን ምንጣፍ ገልጠህ እይ

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ አንድ ወንድማችን የጻፈልኝን ባጭሩ ላስቀምጠው። ጣራዋ የሚታጠፍ የ2001 ማዝዳ ሚያታ፣ ማኑዋል፣ 118 ሺ ማይል የሄደች፣ ቨርጂኒያ ያለ ሰው በ4,800 ዶላር እየሸጣት ነው። ሁለቴ ሄዶ አይቷታል። ሞተሯ ቶሎ ይነሳል፣ ቀለሟም ያበራል። ግን ውስጧ የረጠበ ጆንያ ይሸታል፣ ከመቀመጫው ጀርባ ያለው ምንጣፍ እርጥብ ነው፣ የኋላ መስታወቷ ፕላስቲክ ነው ቢጫም ሆኗል፣ ከስር ደሞ አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብታለች፣ ሞተሩ ሳይሞቅ አንደኛ ማርሽ እምቢ ይላል። ሰውየው ስለ ምንጣፉ ሲጠየቅ "አሁን ስላጠብኩት ነው" ብሎታል። ጥያቄው "ጋሼ፣ ልግዛት ወይስ ልተዋት? ድጋሚ ስሄድ ምን ልይ?" ነው።

ወንድሜ፣ ሞተሩን ለጊዜው ተወው። እኔ ካልከኝ ነገር የምጠረጥረው ውሃ ነው። ከበሩ ስር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄደው፣ እዚ ሮከር የሚሉት ላሜራ ከውስጥ ተበልቷል ብዬ ነው የማስበው፣ ባላያትም።

ለምን መሰለህ፣ የ2001 ሚያታ ከፋብሪካ የወጣችው በመስታወት ነው፣ የሚያሞቅ ሽቦ ያለው የኋላ መስታወት። ፕላስቲኩ የበፊቷ፣ እስከ 1997 የተሰራችው ሞዴል ላይ ነበር። ስለዚ ያንተ መኪና ጣራዋ ተቀይሯል፣ የቀየረውም ሰው ርካሹን ነው የመረጠው። ርካሽ ጣራ ላይ ስንት ጊዜ እንደተናደድኩ! ጨርቁ ይኮማተራል፣ ስፌቱ ውሃ ያስገባል፣ ከሁሉ የባሰው ግን አሮጌውን ሲነቅሉ ከስር ያለውን የውሃ መቀበያ አሸንዳ ቀድደው እሱኑ መልሰው ያስሩታል። አዲስ ገዝቶ መግጠም ሲቻል እኮ ነው። እዚ ላይ እርጥብ ምንጣፍና አዲስ ጥቁር ቀለም ጨምርበት። ሃያ ምናምን ዓመት የሆናት መኪና ልትሸጥ ስትል ስሯ አዲስ ቀለም የሚቀባው አንድ ነገር ለመሸፈን ነው፣ ሌላ ምክንያት እስካሁን አላጋጠመኝም።

የውሃውን መንገድ ትንሽ ላስረዳህ፣ ይሄ ከገባህ የትኛዋም ሚያታ አታታልልህም። ዝናብ ጣራው ላይ ሲወርድ ወደ ኋላ ይፈስና ጨርቁ ከመኪናዋ አካል ጋር የሚገናኝበት ቦታ ይደርሳል። እዛጋ ከጨርቁ ስር ከጎን እስከ ጎን የተዘረጋ አሸንዳ አለ፣ ልክ እንደ ቤት አሸንዳ በለው፣ እሱ ውሃውን ሰብስቦ ወደ ሁለቱ ማዕዘኖች ይወስደዋል፣ ከበሩ ኋላ የደህንነት ቀበቶው የሚወጣበት አካባቢ ማለት ነው። ማዕዘኑ ላይ ቀዳዳ አለ፣ ከቀዳዳው ቱቦ ይወርዳል፣ ውሃው ከመኪናዋ ስር ከኋላ ጎማው ትንሽ ፊት ለፊት ይወጣል። ፋብሪካው በደንብ አስቦበት ነው የሰራው፣ ግን መንገዱ ጠባብ ነው። ዛፍ ስር የምታድር መኪና ከሆነች ቅጠሉ፣ የጥዱ መርፌ፣ አቧራው፣ ከጨርቁ የሚረግፈው ክር ሁሉ እዛች ቀዳዳ ውስጥ ይገባና ጭቃ ይሆናል። ቀዳዳው ሲደፈን ውሃው ይሞላና ያለው አማራጭ ሁለት ነው። አንዱ ወደ ውስጥ ገንፍሎ ምንጣፉን ማርጠብ ነው፣ ያንተ ሽታ እሱ ነው። ሁለተኛው በጎን ወርዶ ሮከሩ ውስጥ መግባት ነው። ሮከር ማለት ላሜራ በላሜራ ላይ ተበይዶ የተዘጋ ሳጥን ነው፣ ከስሩ ትንንሽ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች አሉት፣ እነሱም በዛው ጭቃ ይደፈናሉ። ከዛ ውሃው ፀሐይም ነፋስም ሳያገኘው ለሳምንታት ተኝቶ ይቆያል። እዚ አካባቢ ደሞ በክረምት በረዶው እንዲቀልጥ መንገድ ላይ የሚረጩት ጨው ከውጪ በኩል ያግዘዋል። ዝገቱ ከውስጥ ስለሚጀምር ቀለሙ እስከ መጨረሻው ቀን ያበራል፣ ከውጪ ምስር የምታክል የቀለም እብጠት ስታይ ከውስጥ ላሜራው አልቋል ማለት ነው። ቦታውን ልንገርህ፣ የሮከሩ የኋላ ጫፍ፣ ከኋላ ጎማው ፊት ያለው አንድ ስንዝር፣ ከታች በኩል። ይሄ ነገር ደሞ የውበት ጉዳይ አይደለም። የላሜራ ጣራ ያላት መኪና ጥንካሬዋን ጣራውም ይጋራታል፣ ይቺ ግን ጣራዋ ጨርቅ ነው፣ የሚሸከማት ወለሏና ሁለቱ ሮከር ናቸው፣ ከጎን ብትመታም ከሚጠብቅህ ብረት አንዱ እሱ ነው።

አሁን ስትሄድ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህና ግማሽ ሊትር ውሃ በላስቲክ ያዝ። ሰውየውን አስፈቅደህ ከመቀመጫው ጀርባ ያለውን ምንጣፍ ገልጠህ ላሜራውን በእጅህ ዳስሰው። ከዛ የጣራውን ጠርዝ ማዕዘኑ ላይ ከፍ አድርገህ ውሃውን ቀስ እያልክ ቀዳዳው ውስጥ አፍስስ፣ ጓደኛህ ከውጪ ቁጭ ብሎ ከኋላ ጎማው ፊት መሬቱን ይይ። በሁለቱም በኩል ቶሎ ከፈሰሰ ጥሩ ነው። ካልወጣ ወይም ጠብ ጠብ ካለ ተደፍኗል። በጠንካራ ሽቦ እንዳትወጋው ቱቦው ይቀደዳል፣ በኮምፕሬሰርም እንዳትነፋው ቱቦው ከቦታው ይወልቃል፣ ሳር ማጨጃ ማሽን ላይ ያለው የፕላስቲክ ክር ይበቃል፣ እሱንም ከገዛሃት በኋላ።

ቀጥሎ ማግኔቱን ያልኩህ ቦታ ላይ አሳልፈው። ሌላው ቦታ ላይ ጥብቅ ብሎ ይዞ እዛጋ ሲደርስ ከለቀቀ ከቀለሙ ስር ያለው ስቱኮ ነው። በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብለህ ምታው፣ ጤነኛ ላሜራ ይጮሃል፣ የተሞላው ድምጹ ይታፈናል። ባለፈው አንድ ልጅ ገዝቶ ያመጣት ተመሳሳይ መኪና ሮከሯ ውስጥ ግድግዳ የሚሞላበት ፎም ተነፍቶ፣ ላዩ ስቱኮ ተለጥፎ፣ ከዛ ተቀብቶ አገኘሁት። ፎሙ ውሃ ይዞ ዝገቱን አፋጥኖታል። ያንን ጥገና የሰራው ሰውዬ ደሞ "ውሃ እያስገባ ነው" ብሎ የማፍሰሻውን ቀዳዳ በሲሊኮን ዘግቶታል! መውጫውን ዘግቶ ውሃው የት ይሂድ? እንደዚ አይነት ጥገና ሳይ ደሜ ይፈላል፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚገዛው ሰው ምንም አያውቅም።

እዚጋ በደንብ ስማኝ። የዛን ልጅ መኪና በክሪክ ከጎን ላነሳት ስል ክሪኩ ሮከሩን ቀዶ ገባ። እኔ ስሯ አልነበርኩም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የመኪናዋ ክሪክ የሚገባበት ቦታ ራሱ የሚዝገው ቦታ ጋ ነው፣ ስለዚ በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ስር እንዳትገባ፣ ጭንቅላትህንም እጅህንም እንዳታስገባ፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። ሻጩ ግቢ ውስጥ ጭራሽ አታንሳት፣ ከስር የምታየውን መሬት ላይ ተኝተህ ከጎን በባትሪ እይ። ሙሉውን ማየት ካስፈለገ ለሆነ ጋራዥ ከፍለህ ሊፍት ላይ አሳያት፣ ሰራተኛውንም ሮከሯ ሊዝግ እንደሚችል ሳያነሳት በፊት ንገረው።

ከስር ስታይ ፊት ለፊት ከራዲያተሩ ወደ ኋላ የሚሄዱትን ሁለቱን የፍሬም ብረቶችም እይ። ከ1999 እስከ 2005 ያለው ሞዴል ላይ እዛጋ ላሜራው ድርብርብ ስለሆነ መሃሉ ውሃ ይይዛል። ብየዳው ካበጠ ወይም ንብርብሩ ከተከፈተ አትግዛት፣ እሱ ከሮከሩም ይከፋል።

ማርሹ ብዙም አያስፈራህ። ቀዝቅዛ አንደኛ እምቢ ማለቷ ብዙ ጊዜ የታችኛው የፍሪሲዮን ሲሊንደር ነው፣ ማርሽ ሳጥኑ ላይ በተሳፋሪው በኩል ያለው፣ ሚያታ ላይ የታወቀ ነው። ኮፈኑን ከፍተህ የፍሪሲዮኑን ዘይት እይ፣ ከጠቆረ ወይም ከጎደለ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ላይኛውንና ታችኛውን አንድ ላይ ቀይር፣ ግን በጣም ርካሹን ኢንተርኔት ላይ አይተህ እንዳትገዛ፣ ውስጡ ያለው የጎማ ማሸጊያ ዓመት አይሞላም፣ ድጋሚ ስራ ነው።

ባትሪዋ ትራንክ ውስጥ በቀኝ በኩል ነው። ከፋብሪካው የታሸገና ጋዙን በቱቦ ወደ ውጪ የሚያስወጣ ነበር። ተራ ባትሪ ያለ ቱቦ ተጥሎባት ካገኘህ ምንጣፉን አንሳና ላሜራውን እይ፣ አሲዱ ይበላዋል። ታይሚንግ ቤልቱ የተቀየረበት ደረሰኝ ካለ ይስጥህ፣ የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ በ60 ሺ ማይል ቀይር ነው የሚለው፣ ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠረውና ከነውሃ ፓምፑ ከዋጋው ቀንስ። ቁልፉን ስትከፍት የኤርባግ መብራቱ በርቶ መጥፋት አለበት፣ ጭራሽ ካልበራ አምፖሉን አውጥተውት ሊሆን ይችላል። 17 ቁጥር ያለውን የሻንሲ ቁጥር የፌደራሉ የትራፊክ ደህንነት መስሪያ ቤት ድረገጽ ላይ አስገባው፣ ሪኮል፣ ማለትም ፋብሪካው ለጥገና የጠራበት ጉድለት ካለባት በነጻ ይነግርሃል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ማግኔቱ በሁለቱም በኩል ከያዘና የፊቱ ፍሬም ጤነኛ ከሆነ፣ ውሃው ባይወርድ እንኳ ልትገዛት ትችላለህ፣ ግን የጥሩ ጣራ፣ የአዲስ አሸንዳና የፍሪሲዮኑን ሂሳብ አስቀንስ። ማግኔቱ ከለቀቀ ግን ተዋት። ሁለቱን ሮከር ቆርጦ በአዲስ ላሜራ በደንብ መበየድ የመኪናዋን ዋጋ ሊጠጋ ይችላል፣ ዝም ብለህ ብትገዛት ደሞ ሰሌዳዋን ወደ ሜሪላንድ ስታዞር ኢንስፔክሽኑ (የደህንነት ምርመራው) ላይ ልትወድቅብህ ትችላለች። ሚያታ በዓለም ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሰርታለች፣ ሌላ ታገኛለህ።

ከቻልክ ዝናብ በዘነበ ማግስት ሂድ፣ ሳትነግረው። ከኋላ ጎማው ፊት ያለውን ቦታ በሁለቱም ጎን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ፎቶውንም መሬት ላይ ሆነህ ከጎን አንሳው፣ በክሪክ አንስተሃት ስሯ እንዳትገባ።