መልስ፦ ገልባጭ በተቀየረ ቁጥር አስፋልቱ ላይ ስለሚወጣው ጉብታ

አስፋልት የሚያመጣው ገልባጭ በተቀየረ ቁጥር ጉብታ የሚወጣብህ መኪናው ፊኒሸሩን (አስፋልት የሚያነጥፈውን ማሽን) ስለሚገጨው ነው። ሾፌሩ ወደ ኋላ ሲመጣ አንድ እርምጃ ያህል ሲቀረው ይቁም። ማርሹን ፎሌ (ኒውትራል) ያድርግ፣ ፍሬኑን ይልቀቅ። ፊኒሸሩ ራሱ ቀርቦ ጎማውን ይንካና እየገፋ ይውሰደው።

ሆፐሩ (ገልባጩ አስፋልቱን የሚገለብጥበት የፊኒሸሩ ሳጥን) ባዶ እስኪሆን አትጠብቅ። ፊኒሸሩ ሲቆም ስክሪዱ (አስፋልቱን የሚደለድለው የፊኒሸሩ የኋላ ክፍል) ሥር ያለው አስፋልት ይቀዘቅዛል፤ መልሶ ሲነሳ ጉብታ ይሠራል። ገልባጮቹ ከዘገዩ ቀድመህ ፍጥነት ቀንስ። ቀስ ብሎ ሳይቆሙ መሄድ እየሮጡ ከመቆም በጣም ይሻላል።

ሮለሩን (መዳመጫውን) ደግሞ ትኩስ አስፋልት ላይ እንዳታቆመው፣ አደራ! እኛ አንድ ቀን እዚያው አቁመነው ምሳ ወጣን። ስንመለስ ከበሮው ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ጠበቀን። ቆርጠን አውጥተን እንደገና አነጠፍነው።