መንገድ ላይ ለሚለምን ሰው ገንዘብ ልስጥ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምሠራው ስታዲየም አካባቢ ነው፣ ቤቴ ሲኤምሲ። ታክሲ ወረፋ ላይ፣ ባቡር ጣቢያው ደረጃ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ የትም ብሄድ እጅ ይዘረጋልኛል። ድሮ ያለኝን ሳንቲም ሰጥቼ አልፍ ነበር። ባለቤቴ ግን «አብዛኞቹ ሥራ አድርገው ነው የያዙት፣ ልጅ ተከራይተው የሚለምኑ አሉ፣ አንቺ ነሽ ስንፍና የምታበረታቺው» ይለኛል። አሁን ዝም ብዬ ሳልፍ ቀኑን ሙሉ ይከነክነኛል። ስሰጥ ደግሞ የተሸወድኩ ይመስለኛል። ምን ባደርግ ይሻላል?
ሰ. ነኝ፣ ከሲኤምሲ

መልስ፦ እህቴ፣ ስጪ። ለትልቅ ሰው ሳትመረምሪ ስጪ። ለልጅ ግን ገንዘብ አትስጪ።

ባለቤትሽ ከመሬት ተነስቶ አላወራም። ሕፃን ተከራይተው የሚለምኑ አሉ፣ ጤነኛ እግራቸውን በፋሻ የሚጠቀልሉ አሉ፣ የሌላ ሰው የሐኪም ወረቀት ይዘው የሚዞሩም አሉ። ግን ከዚህ ተነስቶ ደጀ ሰላም ላይ የተቀመጡትን እማማ አታላይ ማለት አይቻልም። በክረምት ብርድ ከንጋት ጀምሮ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ለሰነፍ ሰው የሚመች ሥራ አይደለም። እስኪ ማን ማን እንደሆኑ አስቢ። ሰው ቤት ስታገለግል አርጅታ ዓይኗ ሲደክም የተሰናበተች ሴት አለች። በጦርነት ከቀዬው ተፈናቅሎ የመጣ አለ። በበጋ ከተማ ገብቶ ለዘር ወቅት ወደ አገሩ የሚመለስ ገበሬ አለ። ዘነበወርቅ ብትሄጂ ደግሞ ለሕክምና ብለው አለርት ሆስፒታል መጥተው እዚያው የቀሩ፣ ከሥጋ ደዌ ቢድኑም ጣታቸውን ያጡ ሰዎች ታገኛለሽ፤ በዚያ እጅ የቀን ሥራ ማን ይሰጣቸዋል?

«መንግሥት አለላቸው» የሚልም አይጠፋም። የከተማ ድሆችን የሚደግፈው የመንግሥት ፕሮግራም፣ የከተማ ሴፍቲኔት፣ በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተጀምሯል፣ ብዙ ቤተሰብም ደግፏል። ነገር ግን ምዝገባው ነዋሪነትን የሚጠይቅ ስለሆነ ትናንት ከገጠር የመጣ፣ መታወቂያ የሌለው ሰው በቀላሉ አይገባበትም። ተስፋ ብርሃን የምገባ ማዕከላትም በቀን አንድ ጊዜ ያበላሉ። ትልቅ ነገር ነው። እራቱና የማደሪያው ሂሳብ ግን ይቀራል፤ ብዙዎቹ እኮ ላስቲክ ቤት ውስጥ ወለል ላይ ለመተኛት እንኳ በአዳር ይከፍላሉ። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደመወዝተኛው ራሱ ገበያ ወጥቶ እንዴት እንደሚመለስ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ስለዚህ ከአሥር አንዱ ቢሸውድሽ ይሸውድሽ። ያጣሽው ጥቂት ብር ነው። ማቴዎስ 5፥42 ላይ «ለሚለምንህ ስጥ» ሲል «መጀመሪያ አጣራ» የሚል አልተጨመረበትም። ቁርኣንም በሱረቱ አድ-ዱሓ ለማኝን አትገላምጥ ይላል።

አሁን ወደ ልጆቹ። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ነው የምነግርሽ። መብራት ላይ የመኪና መስኮት የሚያንኳኳ የሰባት ዓመት ልጅ የለመነውን ብር አብዛኛውን ጊዜ እሱ አይበላውም፤ ለላከው ሰው ነው የሚያስረክበው፣ ካላመጣም ሊመታ ይችላል። ለዚያ ልጅ ብር በሰጠን ቁጥር ነገም እንዲላክ እያደረግን ነው። ጨክነሽ እለፊ ማለቴ አይደለም፣ ተረጂኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ቁርስና ምሳ በነጻ ይበላል፣ ደብተርና ዩኒፎርምም ይሰጠዋል። መንገድ ላይ የዋለ ልጅ ይህ ሁሉ ይቀርበታል። አንቺ ደግሞ በየቀኑ በአንድ መንገድ ነው የምትመላለሺው፣ ስለዚህ ልጁን ስሙን ጠይቂው፣ እናቱ የት እንደምትቀመጥ ጠይቂው። አብዛኛውን ጊዜ ከአጥሩ ሥር ሆና እያየችሽ ነው። እሷን አናግሪያት። ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ የጎደላት ምን እንደሆነ ስሚ፤ አንዳንዴ ወረዳ ድረስ አብሯት የሚሄድ ሰው ብቻ ነው የጎደላት። ልጁ ከራበው ደግሞ እዚያው የሚበላ ነገር ግዢለት። ብስኩት ከሆነ ከፍተሽ ስጪው፣ ያልተከፈተ እሽግ ተመልሶ ሱቅ ይሸጣል። ማስቲሽ ለሚስቡት ልጆች ደግሞ ጭራሽ ብር አይሰጥም፣ ዳቦና ሻይ ግን ይጋበዛሉ።

ሌላው ችግር ዝርዝር ነው። ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ኪሳችን ባዶ ሆኗል፣ ሳንቲም ስንፈልግ አናገኝም። ደመወዝ ስትቀበዪ ለዚህ የምታውይውን ቁርጥ አድርገሽ ለዪና ዘርዝረሽ ቦርሳሽ ጥግ ላይ አስቀምጪ። ሲያልቅ አለቀ። በቀሪው ቀን ለሚለምንሽ ዓይኑን አይተሽ «እግዜር ይስጥልኝ» በይው፤ እንዳላየ ሆኖ ማለፍ ነው ሰውን የሚያቆስለው። ስትሰጪ ደግሞ በፍጹም ቪዲዮ አትቅረጪ። ቲክቶክ ላይ የአንዲት እናት እንባ እየቀረጹ ሃምሳ ብር መስጠት ነውር ነው፣ የእሷም ልጆችና ጎረቤቶች ያዩታል።

ባለቤትሽ የመንገዱን ነገር ካላመነበት አታስጨንቂው። በ2002 ዓ.ም. ቢኒያም በለጠ የመሠረተውን መቄዶንያን ቅዳሜ አብራችሁ ሄዳችሁ እዩት፤ ከጎዳና የተነሱ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ነው የሚጦረው። እሱ በወር ለእነሱ ይላክ፣ አንቺ ለእማማ ስጪ። ትዳር ውስጥ ለዚህ ሁለታችሁም አንድ ዓይነት መሆን የለባችሁም።

ጥያቄ፦ ስድስት ኪሎ ተማሪ ነኝ። አንድ ወጣት በተገናኘን ቁጥር «የደሴ መሳፈሪያ ጎደለኝ» ይለኛል። እኔን መርሳቱ ያናድደኛል። ልንገረው?
ተማሪው

መልስ፦ ንገረው እንጂ፣ ግን ሰው ፊት አይሁን። «ወንድሜ፣ ባለፈውም ነግረኸኛል» በለው። መሄድ እውነት ከፈለገ ብሩን በእጁ አትስጠው፣ መነኸሪያ ድረስ አብራችሁ ሂዱና ትኬቱን ራስህ ቁረጥለት። ብቻህን ካልቻልክ ከጓደኞችህ ጋር አዋጡ። እምቢ ካለ ደግሞ የሚርበው ነገር ሌላ ነው ማለት ነው፤ ምሳ ጋብዘው፣ ገንዘቡ ግን ይቅርበት።