ጥያቄና መልስ፦ ድብልቅ ሲያስቸግር

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአልጀብራ ስለሚሠሩ የድብልቅ ጥያቄዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ኪሎው 150 ብር የሆነ ነጭ ጤፍና ኪሎው 120 ብር የሆነ ቀይ ጤፍ ተደባልቆ፣ ኪሎው 130 ብር የሚያወጣ 30 ኪሎ እንዲሆን ከነጩ ስንት ይግባ? ኢኩዌሽኑን ከየት እንደምጀምር ግራ ገባኝ።

መልስ፦ ኪሎውና ብሩ ተቀላቅለውብህ ነው። ለየብቻ ያዛቸው። መጀመሪያ ኪሎውን። ነጩን «ሀ» በለው፤ በደብተርህ ኤክስ ብትለውም ያው ነው። ጠቅላላው 30 ስለሆነ ቀዩ 30 − ሀ ይሆናል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ሌላ ፊደል ይጨምርና ይጠላለፋል።

አሁን ወደ ብሩ ና። ጤፉ ጆንያ ውስጥ ቢቀላቀልም ብሩ የትም አይሄድም። የነጩና የቀዩ ብር ሲደመር የድብልቁን ብር ይሰጣል፦

150ሀ + 120(30 − ሀ) = 130 × 30
30ሀ + 3,600 = 3,900
ሀ = 10

ነጩ 10፣ ቀዩ 20 ኪሎ። መልሰህ አረጋግጥ፦ 1,500 + 2,400 = 3,900። እባክህ ይህችን አትዝለላት። ደግሞም 130 ለ120 ስለሚቀርብ ቀዩ እንደሚበዛ ሳትሠራም መገመት ትችል ነበር።

ጥያቄ፦ ቤት ያለኝ በረኪና 5 በመቶ ነው። 0.5 በመቶ የሆነ 10 ሊትር ለማዘጋጀት ስሠራ ውሃውን የት ላስገባው?

መልስ፦ ውሃው 0 በመቶ ሆኖ ይገባል፦ 5ሀ + 0(10 − ሀ) = 0.5 × 10። ሀ = 1 ነው። 1 ሊትር በረኪና በ9 ሊትር ውሃ ይበጥብጡ። በ10 ሊትር ውሃ ካደረጉት ግን 11 ሊትር ይሆንና ይቀጥናል። አደራዎን፣ አሲድ ካለበት ማጽጃ ጋር በፍጹም አይደባልቁት፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ጥያቄ፦ 20 በመቶና 50 በመቶ ሲደባለቅ 35 በመቶ ነው አይደል?

መልስ፦ መጠናቸው እኩል ከሆነ ብቻ። ከ20ው 1 ሊትር፣ ከ50ው 2 ሊትር ብታደርግ 40 በመቶ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ከ20 በመቶና ከ30 በመቶ 10 ሊትር የ40 በመቶ ድብልቅ ስሠራ፣ የ20 በመቶው −10 ሊትር ወጣብኝ። የት ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ስሌትሽ ልክ ነው፤ የማይሆነው ጥያቄው ነው። ቡና ላይ ወተት ብታፈሺ ማኪያቶው ከቡናው ይነጣል፣ ከወተቱ ግን አይነጣም። ድብልቁ ከ20 እና ከ30 መካከል መውደቅ አለበት። ከሰሌዳ ስትገለብጪ አንድ ቁጥር አምልጦሽ እንደሆነ እስቲ እይ።