አሸናፊው ሲገለበጥ

ጥያቄ፦ የስታቲስቲክስ መምህራችን ስውር ተለዋዋጭ (ሳይታይ ውጤቱን የሚነካ ሌላ ነገር) የጥናትን ውጤት ሊያዛባ እንደሚችል ነግረውናል። ያዛባ፤ ግን አሸናፊውን ተሸናፊ እስከ ማድረግ ይደርሳል? ከደረሰ ታዲያ የትኛውን ጥናት ልመን? (የሁለተኛ ዓመት ተማሪ)

መልስ፦ አዎ፣ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ አንድ የእንግሊዝ የኩላሊት ጠጠር ጥናት አለ፤ እኔ ተማሪዎቼን ሳላሠራው አልለቃቸውም። በተለመደው ቀዶ ሕክምና ከታከሙት 350 ሕሙማን 273ቱ ተሳካላቸው፤ ይህም 78 በመቶ ነው። ጠጠሩን በትንሽ ቀዳዳ በሚያወጣው አዲስ ዘዴ ግን ከ350ው 289ኙ፣ ማለትም 83 በመቶው። አዲሱ በለጠ ብለው ወረቀቱን ከማጠፍዎ በፊት ሕሙማኑን በጠጠራቸው መጠን ይክፈሏቸው። ትንሽ ጠጠር ካለባቸው ቀዶ ሕክምናው ለ87ቱ ተሰጥቶ ለ81ዱ ሠራ (93 በመቶ)፤ አዲሱ ለ270 ተሰጥቶ ለ234ቱ (87 በመቶ)። በትልልቆቹም ቀዶ ሕክምናው ከ263 በ192 ተሳካ (73 በመቶ)፣ አዲሱ ከ80 በ55 (69 በመቶ)። በሁለቱም ወገን ቀዶ ሕክምናው ይበልጣል! አዲሱ ዘዴ በድምሩ ያሸነፈው ቀላሉ ሥራ ስለበዛለት ነው።

እዚህ የጠጠሩ መጠን ተመዝግቦ ስለነበር ተደረሰበት። ጥናቶች «ዕድሜንና ፆታን ግምት ውስጥ አስገብተናል» ሲሉ ያልለኩትን ነገር አላስገቡም ማለት ነው። ያልተለካውንም ጭምር በሁለቱ ወገን የሚያመጣጥነው፣ ያውም ተሳታፊው ሲበዛ፣ ሕሙማንን በዕጣ መመደብ ነው። ስለዚህ ጥናት ሲያነቡ መጀመሪያ ማን፣ በምን ምክንያት፣ ወደ የትኛው ወገን እንደገባ ይጠይቁ።

«ስውር ተለዋዋጭ ሊኖር ይችላል» እያሉ ሁሉን መጣል ግን ስንፍና ነው። በዕጣ መመደብን ለሳይንስ ያስተማረው ሮናልድ ፊሸር፣ ፒፓ አጫሹ ፊሸር፣ የሲጋራንና የሳንባ ካንሰርን ዝምድና ለማጨስም ለካንሰርም በሚያጋልጥ ዘረመል ሊያመካኝ ሞክሯል። ሰውን በዕጣ አጫሽ ማድረግ አይቻልምና ክርክሩ በሌላ መንገድ መቋጨት ነበረበት። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ጄሮም ኮርንፊልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1959 የሰጡት መልስ እስከ ዛሬ ያስደስተኛል፤ የአጫሾች በሽታ ከማያጨሱት 9 እጥፍ ከሆነና ሲጋራው ንጹሕ ነው ከተባለ፣ ጥፋተኛ የሚባለው ዘረመል በአጫሾች ዘንድ ቢያንስ 9 እጥፍ በዝቶ መገኘት አለበት። እንዲህ ያለ ዘረመል ያሳየ ሰው አልተገኘም።