መጀመሪያ የሚያጥበው ሰው፣ ከዚያ ጨርቁ

«ልጄ 5 ወሯ ነው። የዳይፐር ዋጋ አልቻልኩትም፣ መቀመጫዋም ቶሎ ቶሎ ይቀላል። በሚቀጥለው ወር ሥራ እገባለሁ። ወደ ጨርቅ ብቀይራት ያዋጣኛል ወይ?» ላልሽው እህቴ፦ ያዋጣሻል። ግን ሙሉ በሙሉ አትቀይሪ። ቀን ቀን ጨርቅ፣ ሌሊትና መንገድ ላይ ዳይፐር አድርጊ። የቀረው መልሴ ረዘም ይላል፣ ቡናሽን ይዘሽ ቁጭ በይ።

የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሁለቱንም በጨርቅ ነው ያሳደግኩት፤ ትንሹ አሁን ፖፖ እየተማረ ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የልብስ ማጠቢያ ማሽን የለንም። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ እሱም ደስ ሲለው። ስለዚህ የምነግርሽ ማሽን ውስጥ ከትተው ቁልፍ የሚጫኑ እናቶች ቪዲዮ ላይ የሚያሳዩትን አይደለም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛው ጨርቅ ይሻላል ብሎ ነው። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ሥራ ስትገቢ ማን ሊያጥበው ነው? «ሠራተኛዬ» ከሆነ መልስሽ፣ ጨርቁን ሳትገዢ በፊት ከእሷ ጋር ቁጭ ብለሽ ተነጋገሪ። ስትቀጠር ያልነበረ ሥራ ነው። በቀን አምስት ስድስት የሽንት ጨርቅ በእጅ ማጠብ ቀላል አይደለም፣ ካካ ያለበትን ደግሞ ማንም አይወደውም። ከዳይፐር ካተረፍሽው ላይ ደሞዝ ጨምሪላት። ጓንትም ግዢላት። አንዲት ጎረቤቴ ይህን ሳታደርግ ጨርቁን ብቻ ገዝታ አስረከበች። ልጅቷ ወር ሳይሞላት ጥላት ሄደች፤ ጨርቁም ከነፌስታሉ ቁም ሳጥን ላይ ቀረ።

እኛ ቤት ሠራተኛችን የሽንቱን ብቻ ታጥባለች። ካካውን ወዲያው ሽንት ቤት አራግፋ በውሃ ታስለቅቀዋለች እንጂ እጥበቱ ማታ የእኔና የባለቤቴ ነው። ባሎች ይችላሉ፣ እመኚኝ። እጅ አላቸው።

ስለ መቅላቱ ግልጹን ልንገርሽ። ጨርቅ ለሽፍታ መድኃኒት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ዳይፐር ውስጥ ሽንቱን መጥጦ የሚይዝ ጄል አለ፣ ስለዚህ ቆዳው ላይ እርጥበት አይቆይም። ጨርቅ ያ የለውም። ረጥቦ ከቆየ ከዳይፐር የባሰ ያቀላል። ጨርቅ ለቆዳዋ የሚመቸው ቶሎ ከቀየርሽላት ነው፤ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ፣ ካካ ካለች ደግሞ ወዲያው። መቅላቱ እጥፋቷ ውስጥ ገብቶ ደማቅ ከሆነ፣ ዳር ዳሩ ላይ ትናንሽ ነጠብጣብ ካለው ወይም ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ካልጠፋ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ አሳዪያት። እሱ በጨርቅም በዳይፐርም አይለቅም፣ ቅባት ይታዘዝለታል። ቫዝሊን ከተጠቀምሽ ደግሞ በስሱ ይሁን። ጨርቁ ላይ ከተለጠፈ ውሃ እንዳይመጥ ያደርገዋል።

ወደ ጨርቁ እንምጣ። ቴሌግራም ላይ የሚሸጡት አብዛኞቹ ከውጭ ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን፣ በመሀል ኪስ፣ ኪሱ ውስጥ የሚገባ ማይክሮፋይበር (ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ መጣጭ ጨርቅ) ያላቸው ናቸው። ሽፋኑ ጥሩ ነው፤ ቁልፎቹ በመጠን ስለሚጠብቡና ስለሚሰፉ እስክትራመድ ድረስ ያገለግላታል። ማይክሮፋይበሩን ግን በቀጥታ ቆዳዋ ላይ አታድርጊ። የቆዳዋን እርጥበት ጭምር ይመጥና ያደርቃታል። ኪሱ ውስጥ ብቻ ይግባ።

እኔ ሽፋኑን ገዝቼ ውስጡን ከቤት ነው የሠራሁት። ያረጀ ነጠላን የሚያህል የለም። ስስ ነው፣ ብዙ ጊዜ ታጥቦ ለስልሷል፣ አራት አምስት ጊዜ ሲታጠፍ ይመጥጣል፣ ሲዘረጋ ደግሞ ቶሎ ይደርቃል። የንጹሕ ጥጥ ካናቴራም ይሆናል። ፖሊስተር የተቀላቀለበትን ተይው። መለየት ካቃተሽ አንድ ማንኪያ ውሃ ጨርቁ ላይ ጠብ አድርጊ። ወዲያው ከጠጣው ይሆናል፣ ላዩ ላይ ከተንከባለለ አይሆንም። አዲስ ጥጥ ከገዛሽ ግን በመጀመሪያው ቀን አትፍረጂበት። ከፋብሪካ የመጣው ሙጫና ቅባት እስኪለቅ ብዙ ጊዜ መታጠብ ይፈልጋል። ብዙዎች «ያፈሳል» ብለው የሚጥሉት ገና ሳይለማመድ ነው።

አስተጣጠቡ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ። የሽንቱን ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀሽ ጨምቀሽ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ አስቀምጪ፣ ያለ ውሃ። ዘፍዝፎ ማሳደር የእናቶቻችን ልማድ ነው፤ ሽታውን ግን የሚያባብሰው እሱ ነው። ደግሞ ልጅሽ በቅርቡ መዳህ ትጀምራለች። ውሃ ያለበት ባልዲ ለሚድህ ልጅ አደጋ ነው፣ ትንሽ ውሃም ቢሆን። በማግስቱ ጠዋት ሙቅ ውሃና ዱቄት ሳሙና አድርገሽ ለጨርቁ ብቻ በተለየ ሳፋ እጠቢው፣ ከዚያ ሳሙናው ሙልጭ ብሎ እስኪወጣ አለቅልቂ። እኛ ቤት የቀኑ እጥበት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ገደማ ይፈጃል። የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ሽንት ቤት እንደፋዋለን፣ ስለዚህ ባክኖ አይቀርም።

ሶፍትነር የሚባለውን ማለስለሻ አትጠቀሚ፣ ጨርቁን ይሸፍነውና መምጠጡን ይቀንሰዋል። በረኪና አንዳንዴ ለነጭ ጥጥ ይሁን፣ ሽፋኑን ግን አታስነኪ። ከኮምጣጤ ጋር ፈጽሞ እንዳትቀላቅዪው፣ መርዛም ጋዝ ይወጣዋል። ማፍላትም ለጥጡ ብቻ ነው። ሽፋኑ ከፈላ ላስቲኩ ይረግባል፣ ውሃ መከልከሉንም ይተዋል።

የጉድጓድ ውሃ የሚደርሰው ሰፈር ከሆንሽ ሳሙናው እንደልብ አረፋ አይሰጥሽም፤ ጨርቁም ሲደርቅ እንደ ቆርቆሮ ድርቅ ይላል። ሳሙናውን ትንሽ ጨምሪ፣ ሲደርቅ ደግሞ በእጅሽ እሺው። ጨርቁ ታጥቦም አፍንጫ የሚወጋ የአሞኒያ ሽታ ካለው ወይ ሳሙናው አንሷል ወይ በደንብ አልተለቀለቀም።

የጡት ወተት ብቻ የምትጠባ ልጅ ካካ በውሃ ይለቃል፣ ቢጫው ግን ይቀራል። አትፈትጊው። እርጥብ እንዳለ ፀሐይ ላይ አስጪው፣ የአዲስ አበባ ፀሐይ ራሷ ታነጣዋለች። ሽፋኑን ጥላ ላይ አድርጊው። ስድስት ወር ሞልቷት ምግብ ስትጀምር ደግሞ ካካዋም ሽታውም ይቀየራል፣ ተዘጋጂ። ያኔ ስስ ጨርቅ ከላይ ደርቢላት፤ እሱን ብቻ አንስተሽ ታራግፊዋለሽ።

ክረምት ሌላ ዓለም ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በረንዳ የተሰጣ ጨርቅ በሦስተኛውም ቀን አይደርቅም፣ መሽተት ይጀምራል። እኔ ስሱን ነጠላ ካውያ አደርግበታለሁ፣ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ደግሞ ማድ ቤት ውስጥ ገመድ እዘረጋለሁ። እሱም ካልሆነ ያለ ሐፍረት ዳይፐር ነው። ተቅማጥ ሲይዛት፣ ውሃ ሲጠፋ፣ ለቅሶ ወይም ሠርግ ስትሄጂም እንደዚያው። ዴይ ኬር የምታስገቢያት ከሆነ ጨርቅ ይቀበሉ እንደሆነ ቀድመሽ ጠይቂ፣ የማይቀበሉ አሉ።

ሌሊቱን ለዳይፐር የተውኩት ለእንቅልፌ ስል ነው። በጨርቅ ማሳደር ይቻላል፣ ውስጡን ደርበሽ። ግን ጠዋት ሥራ የምትገባ እናት በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ተነስታ ፍራሽ የምታደርቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ሒሳቡን እንይ። በዚህ ዕድሜ በቀን ሰባት ዳይፐር ብትጨርስ በወር 210 ነው። ለሌሊትና ለመንገድ ሁለት ብቻ ካስቀረሽ 60 ይሆናል። ብሩ ከተንሳፈፈ ወዲህ የዳይፐርን ዋጋ ለምታውቅ እናት ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ከዚያ ላይ ሳሙናውንና የሠራተኛሽን ጭማሪ ቀንሺ። ተቀንሶም ይተርፍሻል። ሁለተኛ ልጅ ከመጣ ደግሞ ሽፋኑ ተገዝቶ ያለቀ ነው።

ባለቤቴ መጀመሪያ የተከራከረኝ «ውሃውና ኤሌክትሪኩስ? ለአካባቢ ይሻላል የሚሉት እውነት ነው?» ብሎ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ሁለቱን አነጻጽሮ ነበር። ለአንድ ልጅ እስከ ሁለት ዓመት ተኩል የዳይፐሩ የካርቦን ብክለት 550 ኪሎ ገደማ፣ የጨርቁ ደግሞ 570 ገደማ ሆኖ ተገኘ። ጨርቁ በልጦ የተገኘው ማሽኑ ሞልቶ ሲታጠብ፣ ገመድ ላይ ሲደርቅና ለሁለተኛ ልጅ ሲያገለግል ነው፤ ያኔ 200 ኪሎ ያህል ይቀንሳል። ገመድ ላይ ማስጣቱን እኛ ማንም ሳይነግረን ስናደርገው ኖረናል።

አንድ ነገር ከእናቴ የተማርኩት አለ። ልጅ ከእንቅልፍ ስትነሳና ጡት ጠብታ ስትጨርስ ጠብቀሽ እግርሽን ዘርግተሽ ቁርጭምጭሚትሽ መሀል አስቀምጫት፣ ጀርባዋን ደግፈሽ «ሽሽሽ» በያት። እናቴ ትንሹን እንዲህ ይዛ ቀና ብላ ሳታየኝ «አምጪ፣ ጨርቁን ሳይሆን ሶፍቱን» ትለኝ ነበር። ሁልጊዜ አይሳካም። የተሳካ ቀን ግን አንድ የካካ ጨርቅ ከእጥበት ተረፈ ማለት ነው። ለዚህ ጨርቅ ይመቻል፣ ቶሎ ይፈታል። ካልፈለገች አታስጨንቂያት።

አጀማመርሽ እንዲህ ይሁን። ሃያ ሽፋን በአንድ ጊዜ አትግዢ። ሦስት አራት ሽፋን ያዢ፣ ነጠላሽን ቁረጪ፣ ቅዳሜና እሁድ ቤት ስትሆኚ ሞክሪ። ሥራ ከመግባትሽ በፊት ሠራተኛሽ ከአንቺ ጋር ትልመደው። ጭኗ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን፤ ከላላ ያፈሳል፣ ከጠበቀ ምልክት ያወጣባታል። ሱሪዋንም አንድ ቁጥር ከፍ አድርጊ፣ ጨርቅ ወፈር ይላል። ከተስማማሽ በየቀኑ ለሚያጥብ ሰው አሥራ ሁለት ይበቃል።

ትንሹን ልጄን የጠበቡት ሁለት ሽፋኖች አሉኝ፣ ላስቲካቸው ገና ደህና ነው። ኪሎዋን በውስጥ መስመር ጻፊልኝና የሚሆናት ከሆነ ውሰጃቸው። ነጠላውን ግን ከራስሽ ቤት ፈልጊ፣ የእኔ አልቋል።